ምሳ በልተሻል?

«በሰላም ወጥታለች፤ አታስቢ፤ ተኚ» ይላል የቲቶ መልእክት፤ እኔ ግን አንዱንም አላመንኩትም። በሰላም ወጥታ ከሆነ ለምን ደውሎ በድምፁ አልነገረኝም? የሚታሰብ ነገር ከሌለ አታስቢን ምን አመጣው? ተኚ የሚለው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ቲቶ የታናሽ እህቴ የዲቦራ ባል ነው፤ ደግ ሰው ነው፣ ግን ተኚ ብሎኝ አያውቅም። ሲደውል «ሜሪዬ እንዴት ነሽ፣ ሙቀቱ እንዴት ነው፣ እዚህ ዝናብ ነው» ይልና ስልኩን ለዲቦራ አቀብሎ ይሄዳል። ዛሬ ዲቦራ ስልክ መያዝ አትችልም። ዛሬ ጠዋት ሚዛን፣ ሆስፒታል፣ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታለች፤ ማህፀኗ ላይ የበቀለውን ማዮማ የሚሉትን እጢ ሊያወጡላት። እኔ እዚህ ሻርጃ፣ ፋብሪካ ሰፈር፣ ከተደራራቢው አልጋ ታችኛው ላይ ተጋድሜ ከላይ የተኛችውን የፀደንያን የአልጋ ሽቦ እያየሁ ነው። የሌሊት ሠራተኞች ነን፣ ቀን ነው የምንተኛው። መስኮቱን በካርቶን ደፍነነዋል፤ ፀሐይዋ ግን በካርቶኑ ጠርዝ ሾልካ ግድግዳው ላይ ቀጭን መስመር አስምራለች። ኤሲው ያጓራል። ሌሎቹ ያንኮራፋሉ። እኔ ስልኩን ደረቴ ላይ አስቀምጬ አነሳዋለሁ፣ መልእክቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ፣ እንደገና እከፍታለሁ። ያው ነው።

ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር ይባላል፤ እኔን ጠርጣራ ያደረጉኝ ግን እነሱው ናቸው። አባባ የሞተ ጊዜ ወንድሜ ሲላስ «አባባ ጌጫ ሄዷል፣ ማር ሊገዛ፤ እዚያ ኔትወርክ አስቸጋሪ ነው» አለኝ። ጌጫ ደጋ ነው፣ ጭጋግ ነው፣ አባባም የማር ነጋዴ ነው፤ ለምን አላምንም? አመንኩ። በሌላ ጊዜ ስደውል አሁንም ጌጫ ነው። እማዬን ድምፅሽ ምን ሆነ ስላት ጉንፋን ነው ትለኛለች፤ እኔም ጨሞ አፍልተሽ ጠጪ እላታለሁ፣ የቡና ቅጠሉን ከሚጥሚጣና ከዝንጅብል ጋር አድርገሽ እያልኩ፣ ያስተማረችኝን መልሼ አስተምራታለሁ፤ እሷም እሺ ልጄ ትለኛለች። ለአባባ ወፍራም ጃኬት ገዝቼ ላክሁ፣ ደጋ ላይ ይበርደዋል ብዬ። ከዚያ ሲላስ ያንኑ ጃኬት ለብሶ ፎቶ ላይ አየሁትና ጮህኩበት፤ የአባቴን ልብስ ምን አስለበሰህ፣ አታፍርም ወይ አልኩት። ስልኩን ለእማዬ አቀበላት። አባባ በክረምት ተቀብሮ እኔ በበጋ ነው የተረዳሁት፤ እዚሁ የምትኖረው የአገሬ ልጅ እትዬ ማናልሞሽ ሴቶች አስከትላ እዚህ ክፍል መጥታ አረዳችኝ። ለምን ደበቃችሁኝ ብዬ ባለቅስ ሁሉም የሰጡኝ መልስ አንድ ነው፤ ለስደተኛ ክፉ ነገር በስልክ አይነገርም፣ ብቻሽን ሰምተሽ አንድ ነገር ብትሆኚስ፣ ደንቡ ነው። ከዚያ ወዲህ «ሁላችንም ደህና ነን» ሲሉኝ ማን ሞተ ብዬ ነው የማስበው።

ደግሞ በሽታውን አውቀዋለሁ፤ አለማወቁ ሳይሻል አይቀርም ነበር። ከዲቦራ በፊት የተቀደድኩት እኔ ነኝ፣ እዚሁ ከተማ። የወር አበባዬ ሲመጣ ማሽኑን ተደግፌ ቆሜ እሠራ ነበር፣ በኋላ መቆምም አቃተኝ። በስልክ መተግበሪያ ቀጠሮ ያዢ ይሉኛል፣ መተግበሪያው በአረብኛ ነው፤ ሆስፒታሉ ስደርስ የኢንሹራንስ ካርድሽ ይሄንን ክፍል አይሸፍንም፣ ወደዚያኛው ሂጂ ይሉኛል፤ ወረቀት ጎትቼ ስክሪን ላይ ቁጥሬ እስኪወጣ ሆዴን ይዤ ቁጭ እላለሁ፣ ስሜን የሚጠራ የለም። አልትራሳውንዱ ማዮማ ነው አለ። እሺ፣ ማዮማ ነው። ሲከፍቱኝ ግን ሌላ ነገር ነው ያገኙት። ሱዳናዊት ሐኪም ነበረች ያከመችኝ፤ ከነቃሁ በኋላ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሚገባኝ አረብኛ፣ ቀስ ብላ፣ «ሁለት ነበሩ» አለችኝ። አንዱ በማሽን የታየው ማዮማ ነው፣ አወጣነው አለች። ሌላው ኢንዶሜትሪዮሲስ ይባላል፤ ማህፀን ውስጥ መሆን ያለበት ሽፋን ከማህፀን ውጭ፣ ጎን ላይ፣ አንጀት ላይ ይበቅላል፤ ወር ሲመጣ እሱም ይደማል፣ መውጫ የለውም፣ እዚያው ያቆስላል፣ አካልን ከአካል ያጣብቃል። ብዙ ጊዜ በአልትራሳውንድ አይታይም። ለማዮማው ተብለው ከሚከፈቱ ሴቶች እሱም አብሮ የሚገኝባቸው ብዙ ናቸው፤ ሴቶቹ ሕመሙን ሁሉ በማዮማው ያሳብባሉ፣ ሌላ እንዳለ ማን ነግሯቸው። ከዚያ «እህት አለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። አለችኝ አልኳት። «እሷስ ወሯ ሲመጣ እንዴት ናት?»

ዲቦራ ወሯ ሲመጣ እንዴት ናት። ዲቦራ ትምህርት ቤት ዴስክ ላይ ተደፍታ ጥርሷን ነክሳ፣ ላብ ከግንባሯ እየወረደ፣ መምህሩ ተኝታለች ብሎ ጠመኔ ይወረውርባታል። አማን ከተማ፣ እናቴ ቤት፣ እሷና እኔ አንድ ፍራሽ ላይ ጉልበታችንን ከደረታችን አጣብቀን፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል፤ እማዬ ጨሞውን በቅል ይዛ ከበላያችን ቆማ «ጠጡ፣ የሴት ነገር ነው፣ ያልፋል» ትለናለች። እሷም እንዲሁ ተብላ ነዋ ያደገችው። አላለፈም። ዲቦራ አስተማሪ ሆነች፣ ሸዋ ቤንች ወረዳ ተመደበች፣ ቲቶን አገባች፣ ልጅ ሳይመጣ ዓመታት አለፉ። አማቷ ጾም ጸሎት ያዘች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጅ ተጫነባት። ከዚያ ደሙ በዛ፣ ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ፊት ለፊት ተዝለፍልፋ ወደቀችና ሚዛን ወሰዷት፤ ማዮማ ነው፣ ትልቅ ነው፣ መውጣት አለበት ተባለ። እኔ ይሄን ስሰማ የሱዳናዊቷ ጥያቄ መጣብኝ። ደወልኩላት።

«ዲቦ፣ ለሐኪሙ ስለ ሁለተኛው ንገሪው።»

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ሕመሙ። መቼ መቼ እንደሚያምሽ። ሽንት ቤት ስትቀመጪ እንደሚያምሽ። ከቲቶ ጋር ስትሆኚ እንደሚያምሽ። እህቴ ላይ ሁለቱም ተገኝተዋል በይው።»

«ኧረ ሜሪ፣ በሕግ! አማቴ አጠገቤ ናት እኮ!»

አማቷ ሁልጊዜ አጠገቧ ናት። ሐኪሙ ክፍል አብራት ትገባለች፣ ወንበር ስባ ትቀመጣለች፣ ሐኪሙ ዲቦራን ሲጠይቅ አማቷ ትመልሳለች፤ «ደሟ ይበዛል፣ ልጅ አልያዘላትም፣ ሌላውን እግዚአብሔር ያውቃል።» ክፋት የላትም። ምራቷን ትወዳለች። ብቻ ዲቦራ እሷ ፊት አፏን ከፍታ ከባሌ ጋር ስተኛ ያመኛል ልትል? ቢገድሏት አትልም። ጨዋ ናት፣ ያንን ጨዋነት ያስተማርናት ደግሞ እኛ ነን። እኔ ስደውል እጨቀጭቃታለሁ፣ እሷ ወሬ ታስቀይረኛለች፤ ዝናቡ እንዴት ነው፣ ቡናው አበበ፣ የጎረቤት ልጅ አገባች። ትናንት ግን፣ አልጋ ከያዘች በኋላ፣ በቀጭን ድምፅ «ነገርኩት» አለችኝ። «አማቴን ውሃ ግዢልኝ ብዬ አስወጥቼ ነገርኩት።» ሁሉንም? «ሁሉንም፣ በቃ፣ ነገርኩት አልኩሽ!» ያቺ በቃ ናት እረፍት ነስታ ያሳደረችኝ። ዲቦራ ስትዋሽ በቃ ትላለች። የቤት ሥራሽን ሠርተሻል? ሠርቻለሁ በቃ። በልተሻል? በልቻለሁ በቃ። ካልነገረችውስ? ለአንዱ ብሎ ከፍቶ ሌላው ቢጠብቀውስ? ተጣብቆ፣ አንጀቱ ከማህፀኑ ተሰፍቶ፣ ሳይዘጋጅ? ከመዝጋቷ በፊት «ስነቃ ራሴ በድምፄ እልክልሻለሁ፤ የእኔን ድምፅ ሳትሰሚ ማንንም እንዳታምኚ» አለችኝ። አላምንም። እሺ እህቴ፣ ማንንም አላምንም።

ሌሊቱን ሥራ ላይ ነበርኩ። የሆስፒታሎችን ጨርቅ የሚያጥብ ትልቅ ላውንደሪ ነው የምሠራው፤ አንሶላው፣ የሐኪሞቹ ቀሚስ፣ የኦፕራሲዮን አረንጓዴ ጨርቅ በጋሪ እየተገፋ ይመጣልናል። ደም ያለበት ጨርቅ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚታጠበው፤ በሙቅ ከጀመሩት ደሙ ጨርቁን ይይዘዋል፣ አይለቅም። ይሄን ያወቅሁት እዚህ ነው። ሌላም አውቄያለሁ፤ ጨርቁን ሳነሳ በክብደቱ የሰውየውን ነገር እገምታለሁ። ቀላል ከሆነ፣ ጠብ ጠብ ያለበት ከሆነ፣ እሰይ እላለሁ፣ ማንም ይሁን ማን። አንዳንዱ ግን በሁለት እጅ ነው የሚነሳው። ትናንት አንድ እንደዚያ ያለ መጣ፤ ጓንቴን አድርጌ ሳነሳው ክንዴ ወረደ፣ እና እዚያው ቆሜ ቀረሁ፣ ፀደንያ «ምን ሆንሽ?» እስክትለኝ። ምንም። አሁን ሚዛን ላይ ያንን ጨርቅ የምታጥበው ማን ናት? በእጇ ይሆን የምታጥበው? በክብደቱ ምን ብላ ገመተች? ቲቶ የነገረኝን ትቼ እሷን ብጠይቃት ደስ ባለኝ ነበር።

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። እትዬ ማናልሞሽ ናት። «ሜሪዬ ነቅተሻል? ምሳ በልተሻል?»

አለቀ። ጌታዬ፣ አለቀ።

ይሄን ቃል አውቀዋለሁ፤ እኔ ራሴ ጽፌዋለሁ። እትዬ ማናልሞሽ የሚዛን ልጅ ናት፤ አባቷ ከጎጃም መጥተው ያስተማሩን መምህር ናቸው፤ እዚህ ከተማ ከሁላችንም ቀድማ የመጣች ስለሆነች መርዶ ሲኖር የሚደወለው ለእሷ ነው፣ እሷ ደግሞ ሰው ትሰበስባለች። ከአባባ በኋላ እኔንም ትጠራኝ ጀመር፤ አንቺ ቀምሰሽዋል፣ ነይ ትለኛለች። ሥርዓቱን ከእሷ ነው የተማርኩት። ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ አይነገረውም፤ ከሰማ በኋላ እህል አይቀምስምና አስቀድሞ መብላቱ ይጣራል። ከአሠሪው ፈቃድ ይጠየቅለታል። ቤት ያለው ዘመዱ ስልክ እንዳያነሳ ይነገረዋል፣ አፉ እንዳያመልጠው። ከዚያ ውሃ ተይዞ፣ ጥቁር ነጠላ በቦርሳ ውስጥ ተሸሽጎ፣ ሳይነገሩት ይሄዱበታል። የቦንጋዋ ልጅ እናቷ የሞቱ ጊዜ መልእክቱን ጻፊ የተባልኩት እኔ ነኝ፤ «ምሳ በልተሻል?» ብዬ ጻፍኩላት። «እንቁላል እየጠበስኩ ነው፣ ነይ አብረን እንብላ» ብላ መለሰችልኝ። መጥበሻው ከነትኩሳቱ ነበር ስንደርስ።

አልመለስኩላትም። ለሲላስ ደወልኩ፤ እዚህ አገር የኢንተርኔት ስልክ በቦቲም ካልሆነ አይሠራም፣ ቦቲሙ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አያነሳም። በቀጥታ መስመር ደወልኩ፤ ስልኩ ተዘግቷል። የሲላስ ስልክ መቼ ነው ተዘግቶ የሚያውቀው? ባጃጅ ነው የሚነዳ፣ እንጀራው በስልክ ነው። እማዬ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ ይጠራል፣ ያንን የቆየ ስልኳን ከወገቧ መቀነት ውስጥ ስታወጣ ይታየኛል፣ የእርድ ቀለም የያዘው ጣቷ ቁልፉ ላይ ሲያመነታ ይታየኛል፣ አንድ ሰው እጇን ሲይዝባት ይታየኛል። አታንሺ፣ ሜሪ ናት። ቆመ። ለቲቶ ልደውል ስል ሌላ መልእክት ገባ፣ ከሱፐርቫይዘሩ፤ ዛሬ ማታ ሥራ አትግቢ፣ እረፊ ይላል። ይሄ ሰውዬ የኦፕራሲዮን ስፌቴ ሳይደርቅ ጋሪ ያስገፋኝ ሰው ነው። ማን ለምኖት ነው ዛሬ የራራልኝ? ታፈሰ ነው። የሠራተኛ አውቶቡሱ ሾፌር ታፈሰ፣ የጸሎት ኅብረታችን መሪ፣ መርዶ ሲኖር ከማናልሞሽ ጋር የሚሄደው እሱ ነው፣ ከአለቃችን ጋር ሻይ የሚጠጣውም እሱ ነው። ሁሉም ገጠመ። ስልኩን አጠፋሁት። ካልሰማሁ አልሞተችም። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አጠፋሁትና ትራሱ ሥር ወሸቅሁት፣ በላዩ ላይ ተኛሁበት።

ጌታ ሆይ፣ እንነጋገር። ብድግ ብዬ መጸለይ ነበረብኝ፣ ተኝቼ ነው የማወራህ፣ ይቅር በለኝ። ከሁለታችን ልጅ የፈለገችው እሷ ናት። እኔ ባል የለኝ፣ አልፈለግሁም፣ ምሽቴን ማሽን እያዞርኩ ነው የማሳልፈው፤ ሲከፍቱኝ ሱዳናዊቷ ተጠንቅቃ፣ እየለቀመች፣ እየላጠች ማህፀኔን አትርፋ ሰፋችኝ። «ዕድለኛ ነሽ፣ አልነካነውም» አለችኝ። ምን ላደርግበት? እዚህ ታቅፌው ተኝቻለሁ፣ ወር በመጣ ቁጥር ይቀጣኛል። ለእሷ አትሰጥልኝም ነበር? አሁን እሱንም አልጠይቅህም። ልጁን ተወው። አማቷ ትጹም፣ ቲቶም ይልመደው፤ እሷን ብቻ። ሸዋ ቤንች ለልጆቹ ሀ ሁ ትበል፣ ስደውልላት ወሬ ታስቀይረኝ፣ በቃ ትበለኝ። ይሄን እያልኩ ደግሞ አሁን የሞተች ከሆነ የማን ጸሎት ነው የምጸልየው እላለሁ፤ ያለፈ ነገር በጸሎት ይመለሳል? አባባ ከተቀበረ በኋላ ለጤናው እጸልይ ነበር እኮ። ጌጫ ላይ ብርዱን አቅልልለት እያልኩ። አንተስ ምን አልክ ያኔ?

ዘንግቼ፣ ወይም ደክሞኝ፣ ዓይኔ ተከድኖ ኖሯል፤ በኋላ ከውጭ የአስር ሶላት አዛን ሲሰማ ባነንኩ። አዛኑ ሳያልቅ በሩ ተንኳኳ። ቀስ ተብሎ ነው የተንኳኳው፣ የሌሊት ሠራተኛ ክፍል እንዲህ አይንኳኳም፣ እኛ በር የምንደበድብ ሰዎች ነን። አልከፍትም። ፀደንያ ከላይ ተገላበጠችና ወረደች። ቀድማ ለብሳ ነበር የተኛችው፤ እሷም ታውቃለች ማለት ነው። «ፀዲ፣ አትክፈቺ» አልኳት። አላየችኝም። ከፈተች። ብርሃኑ ከኮሪደሩ ገባ፤ እትዬ ማናልሞሽ፣ ከኋላዋ ታፈሰ፣ የሥራ ሸሚዙን ቀይሮ፣ ኮሌታው ድረስ ተቆልፎ። በግራ እጇ የውሃ ጠርሙስ ይዛለች። በቀኟ ስልክ አለ፣ ወደ ላይ ዘርግታ ይዛዋለች። ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ዚፑ በደንብ አልተዘጋም፣ የጥቁሩ ነጠላ ጫፍ በዚፑ ቀዳዳ ብቅ ብሏል። እሷ ሁልጊዜ ያንን ዚፕ ትረሳዋለች። እኔ ነበርኩ የምዘጋላት።

«ምሳ በልተሻል ልጄ?» አለችኝ።

«አልበላሁም። አልበላም። ንገሩኝ።»

«ቁጭ በይ እስቲ በመጀመሪያ።»

«እትዬ ማናልሞሽ፣ እኔን አትቀመጪ በይኝ! ሥርዓቱን አውቀዋለሁ፣ አብሬሽ ዞሬያለሁ! ንገሩኝ!»

ታፈሰ ጉሮሮውን ጠረገ። ሰውየው እጁን የት እንደሚያደርግ ጠፍቶት አንዱን በሌላው ያዘ። «እህት ሜሪ፣ እንግዲህ፣ ሁሉም በእሱ ፈቃድ ነው» አለ፤ «እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔርም ነሳ።»

ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። ወለሉ ቀዝቃዛ ነበር። ዲቦ እያልኩ ነበር፣ ዲቦዬ፣ የእኔ ጨዋ፣ የእኔ በቃ፣ ፀደንያ ከወገቤ ይዛኛለች፣ እኔ ጭንቅላቴን ከአልጋው ብረት ጋር ላጋጭ እታገላለሁ፣ የነቁት ልጆች ከየአልጋቸው ይጮኻሉ፣ ከሁሉም በላይ የማናልሞሽ ድምፅ ይሰማኛል፤ «ኧረ አልሞተችም! ሜሪ! ስሚኝ እንጂ፣ አልሞተችም!» የመጀመሪያው ጊዜ አልገባኝም። ሁለተኛው ጊዜም አላመንኩም፣ ማንንም አላምንም ብያለሁ።

«እንግዲያ ምኑን ነው የነሳው?» አልኩት ታፈሰን፣ ከወለሉ ላይ።

የመለሰችልኝ እትዬ ማናልሞሽ ናት።

«ማህፀኗን ነው ልጄ። ደሙ አልቆም አላቸው። እሷን ለማትረፍ ማህፀኗን አወጡት። ወንድምሽ ነው የደወለልን፤ ለልጅ ስንጓጓላት ኖረን ይሄንን በስልክ እንዴት እነግራታለሁ፣ ሰው ሆናችሁ ንገሩልኝ ብሎ። እኔም እንዲህ ያለ መርዶ ነግሬ አላውቅም፣ እንዴት እንደሚነገር አላውቅም፣ የማውቀውን አደረግሁ።»

በሕይወት አለች። ማህፀኗን ነው። በሕይወት አለች! አፌ ራሱ ተከፈተ፤ እኔ አይደለሁም የከፈትኩት። እልልታ ነው የወጣኝ። እልልልል አልኩ፣ ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ ጸጉሬ ተበትኖ፣ ንፍጤ እየወረደ፣ ትንፋሼ እስኪያልቅ ድረስ፣ ትንፋሼን ስቤ ደገምኩት። ታፈሰ ለለቅሶ ያዘጋጀውን ፊት የት እንደሚያስገባው ቸገረው። እትዬ ማናልሞሽ የውሃውን ጠርሙስ ጥላ በመዳፏ አፌን አፈነችኝ።

«ዝም በይ! ዝም በይ አንቺ ልጅ፣ ትሰማሻለች!»

ማን? ያን ጊዜ ነው በቀኝ እጇ ያለውን ስልክ ያየሁት፣ ወደ ላይ ተዘርግቶ፣ መስመሩ ክፍት ሆኖ። «አብሬያት ላልቅስ፣ መስመሩን አትዝጉት ብላ ነው» አለች በሹክሹክታ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ምን አደረግሽ ሜሪ?»

ምን አደረግሁ። እህቴ ዛሬ ልጅ የመውለድ ተስፋዋን ቀብራ፣ በተሰፋ ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ፣ የታላቅ እህቷን ለቅሶ ስትጠብቅ እልልታ አሰማኋት። ስልኩን ተቀበልኩ። ከዚያኛው ጫፍ የሚሰማው ዝናብ ብቻ ነው፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ፣ የሚዛን ዝናብ። አፈርኩ፣ በዕድሜዬ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«ዲቦ?»

ዝናብ። ከዚያ ትንፋሽ። ከዚያ ድምጿ፣ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ፣ ግን የእሷ።

«እንዳልሽው ሁለት ነበሩ» አለችኝ። «አንዱ በሌላው ላይ ተጣብቆ። ነግሬው ስለነበር ደም አስቀርቦ፣ ሌላ ሐኪም ጨምሮ ነው የገባው። ሳይዘጋጅ ገብቶ ቢሆን ኖሮ…» አልጨረሰችውም። «ዋሸሁሽ መስሎሽ ነበር አይደል? ነግሬው ነበር። ሁሉንም። ሐኪሙም እንደ እኔ አንገቱን ደፍቶ ነው የሰማኝ።»

«ዲቦዬ ይቅር በይኝ፣ የሞትሽ መስሎኝ ነው፣ ስለ ልጁ ደስ ብሎኝ አይደለም፣ እኔ…»

«እልል ያልሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

አንድ ሰው አጠገቧ ተነፋረቀ፤ አማቷ መሰለችኝ።

«ከነቃሁ ጀምሮ ሁሉም ያለቅሳል» አለች ዲቦራ። «አማቴ ታለቅሳለች። ቲቶ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ያለቅሳል። እማዬ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ ታለቅሳለች፣ እንዳልሰማት ብላ። ጠያቂው ሁሉ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ነው የሚገባው፣ ራሱን እየነቀነቀ። እኔም አልቅሻለሁ፣ ገና አለቅሳለሁ፣ አልጨረስኩም። ግን ሜሪ፣ ተርፋለች ብሎ እልል ያለ ሰው የለም እኮ። አንድ ሰው የለም። የሞትኩ መስሎኝ ነበር።» አረፍ አለች፣ ስፌቱ ሳያማት አልቀረም። «ስፒከር ላይ አድርጌዋለሁ። ድገሚልኝ።»

አፌን ከፈትኩ። አልመጣልኝም። የመጣው ለቅሶ ነው፣ ምላሴን ባዞር ባዞር ለቅሶ ብቻ። ስልኩን ወደ እትዬ ማናልሞሽ ዘረጋሁላት። ጥቁሩን ነጠላ ከቦርሳዋ ለምን እንዳወጣችው አላውቅም፣ ፊቷን ጠረገችበትና እልል አለች። ፀደንያ ተከተለቻት። ልጆቹ ከየአልጋቸው፣ ምን እንደሆነ ሳያውቁ፣ እንቅልፋቸውን ሳይጨርሱ፣ እልል አሉ። ታፈሰ እንኳ አጨበጨበ። ስንጨርስ ስልኩ ውስጥ ዝናቡ ብቻ ቀረ፣ እኔም ጆሮዬን አስጠግቼ ጠበቅሁ። ከዚያ ከዝናቡ ኋላ፣ ከክፍሉ ጥግ፣ በጎረነነ ድምፅ አንዲት ሴት እልልታውን መለሰች፤ መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ በኋላ ከፍ አድርጋ። እማዬ ናት።